ሐረጎ ላይ ቀይ መብራት የምታበራዋን ቪትዝ ምን ላድርጋት?

የሐረጎ ተመላላሽ

ሰላም ዋላችሁ። ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ፤ ቢረዝም ይቅርታ።

የምሠራው ኮምቦልቻ፣ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው። ቤቴ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር። ስድስት ዓመት በሚኒባስ ተመላልሻለሁ። ጠዋት የሐረጎን ዳገት መውረድ፣ ማታ መውጣት። የኋላ ወንበር ላይ አራት ሆነን ተጣብቀን ስንወጣ "አንድ ቀን የራሴን መሪ እይዛለሁ" እያልኩ ነው የኖርኩት። ከሦስት ሳምንት በፊት ያዝኩ። ቶዮታ ቪትዝ ናት፤ የ2007 እ.ኤ.አ. ሞዴል፣ 1.0 ሞተር፣ አውቶማቲክ።

አዲስ አበባ ከወንድሜ ጋር ሄደን ነው የገዛናት። ደላላው "የአንዲት እናት መኪና ናት፤ ከቤትና ከቤተ ክርስቲያን ሌላ መንገድ አታውቅም" አለን። እኚህ እናት ስንት መኪና እንዳላቸው ፈጣሪ ይወቀው። በዚያ ቀን ካየናቸው አምስት መኪኖች ሦስቱ የእሳቸው ነበሩ።

ሞተሩን አስነስተን አዳመጥን፤ ጸጥ ያለ ነው። ወንድሜ ዘይቱን አየ። ቦሎዋ የታደሰ፣ ሊብሬዋ ንጹሕ። ገዛን። በማግስቱ በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በር፣ በሸዋ ሮቢት፣ በከሚሴ አድርገን ስንመጣ ምንም አላለችም። ሐረጎ ስንደርስ መሽቶ ስለነበር ቀስ ብለን ወጣን። እሷም ደህና ገባች።

ጉዱ የመጣው ሰኞ ነው። ከሥራ ስወጣ ባልደረቦቼን ጭኜ ሐረጎን ከግማሽ በላይ እንደወጣሁ ቀይ መብራት በራ። ይቺ መኪና የሙቀት ሰዓት የላትም። ስትቀዘቅዝ ሰማያዊ መብራት፣ ስትግል ቀይ መብራት፣ በቃ። ዳር ይዤ አጠፋኋት። እስክትቀዘቅዝ ቆመን ጠበቅን። አንዷ ባልደረባዬ በሚኒባስ ሄደች፤ ያ ነው ያመመኝ።

ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ደግማዋለች። ሁሌም ስትወጣ ብቻ ነው። ስትወርድ ምንም የለም። ፒያሳ መንገድ ተዘግቶ ስቆምም ምንም የለም።

ሌላ የታዘብኩትን ልጨምር። ጠዋት ሰማያዊው መብራት ቶሎ አይጠፋም፤ ሐረጎን ጨርሼ ኮምቦልቻ ልገባ ስል ነው የሚጠፋው። ቤንዚን ከጠበቅኩት በላይ ትጠጣለች። ቆማ ስትሠራ ትንሽ ትንቀጠቀጣለች። በሁለት ሦስት ቀን ግማሽ ሊትር ያህል የሞተር ውሃ ትቀንሳለች፤ መሬት ላይ ግን ጠብታ አላየሁም።

አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳያይ "የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው። ቴስታታው ይውረድ፣ 60 ሺህ አዘጋጂ" አለኝ። ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ጓርኒሲዮኑ ደግሞ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ነው አሉ። 60 ሺህ የለኝም። ቢኖረኝም መጀመሪያ እርግጠኛ መሆን እፈልጋለሁ። ወንድሜ "ዝም ብለሽ ለሌላ ሰው ሽጫት" ይላል። እንግዲህ የሚቀጥለው ደላላ የሚያወራላቸው እናት እኔ ልሆን ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የፒያሳ ልጅ

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ፣ ጎማዋ ያርጥብሽ ብለናል 😄 ግን ወላሂ ቪትዝ ለሐረጎ አልተፈጠረችም። ቶዮታ ዲኤክስ ብትገዢ ኖሮ አምስት ሰውና አንድ በግ ጭነሽ ትወጪ ነበር።

ጡረተኛው መካኒክ

ልጄ፣ ይሄኛው ልጅ የሚለውን ተይው። ቪትዝ ሐረጎን ትወጣለች። በየቀኑ ሲወጡ አያለሁ። ኮምቦልቻ ስኖር ሠላሳ ዓመት አልፎኛል፤ ሐረጎ ላይ ያልፈላ የመኪና ዓይነት የለም፣ ዲኤክስንም ጨምሮ።

መጀመሪያ፣ መብራቱ ሲበራ ማጥፋትሽ ትልቅ ነገር ነው። "ትንሽ ቀርቶኛል፣ ልድረስ" ብለሽ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምናወራው ስለ ሌላ ነገር ነበር።

ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሁሉም ሰው ቀዩን መብራት ነው የሚያየው። እኔን ያስገረመኝ ሰማያዊው ነው። ደህና መኪና በደሴ ብርድም ቢሆን ጥቂት ደቂቃ ነድተሻት ሰማያዊው ይጠፋል። ያንቺ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ወርዳም ገና ነው። ይሄ ማለት ቴርሞስታቱ የለም፣ ወይም ተከፍቶ ቀርቷል። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር፣ ማለትም ወደ ማቀዝቀዣው፣ እንዳይሄድ የሚዘጋ በር ነው። እኛ አገር መኪና ሲግል መጀመሪያ የሚደረገው እሱን አውጥቶ መጣል ነው። በሩ ከሌለ ሞተሩ ጠዋት አይሞቅም። ኮምፒውተሩም "ገና ቀዝቃዛ ናት" ብሎ ቤንዚን ይጨምራል። የቤንዚኑም ነገር እንግዲህ ይኸው ነው።

ደግሞ አስቢበት። የሚግል መኪና ያልያዘ ሰው ቴርሞስታት አያወልቅም። የሸጠልሽ ሰው ያውቅ ነበር ብዬ እገምታለሁ። ከአዲስ አበባ ስትመጡ ምንም ያላለችው ዋናውን ጣርማ በርን የምትወርዱት ስለሆነ ነው። ለሞተር ፈተናው ሐረጎ ነው፣ እሱንም በማታ ብርድ ቀስ ብላችሁ አለፋችሁት።

አሁን ወደ ቀዩ። ፒያሳ ቆማ ካልጋለች ቬንትሌተሯ (የራዲያተሩ ማራገቢያ) ይሠራል ማለት ነው። ቆማ ደህና ሆና ዳገት ላይ ስትጫን ብቻ የምትግል ከሆነ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ራዲያተሩንና ክዳኑን ነው። ጓርኒሲዮንም ሊሆን ይችላል፣ አልዋሽሽም። ግን እሱ ሳይፈተሽ አይፈረድበትም።

ክዳኑን ሰው ይንቀዋል። ባቄላ ደሴ ላይ ከኮምቦልቻ ይልቅ ቆይቶ የሚበስለው ለምን እንደሆነ እናትሽን ጠይቂ። ውሃ ኮምቦልቻ ላይ 94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ደሴ ላይ 92 ገደማ። የሞተር ውሃ ደግሞ ሁልጊዜ እዚያው አካባቢ ነው የሚሠራው። እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ ነው፤ ግፊት ይዞ የመፍያውን ሙቀት ከ110 በላይ ያደርሰዋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ግፊት አይዝም። በወጣሽ ቁጥር ውሃው ቶሎ ይፈላል፣ በትርፉ ቱቦ እየተፋ መንገድ ላይ ይቀራል። ለዚህ ነው ቤትሽ ደጃፍ ጠብታ የማታዪው።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሞተሩ ሙሉ ለሙሉ ቀዝቅዞ እያለ፣ ይሄን አድርጊ። ክዳኑን ክፈቺ። ጎማው ተሰነጣጥቋል ወይ? ላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር አለ፤ ሲቀየር በዚያው ቁጥር ነው። ክዳኑ ክፍት እንደሆነ አስነሺና ውሃውን እዪ። መጀመሪያ ትንሽ አየር ይወጣል፣ እሱ ችግር የለውም። እንደ ሻይ ጀበና ሳያቋርጥ ከተንፈቀፈቀ ግን ያ መካኒክ ልክ ነበር፣ የሲሊንደሩ ግፊት ወደ ውሃው ገብቷል። የዘይቱንም መለኪያ አውጪና እዪው። ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ አትነጂያት። የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ብቻ ትንሽ አረፋ ብታዪ ግን አትደንግጪ፤ በደሴ ብርድ አጭር መንገድ የሚሄድ መኪና ሁሉ ያመጣዋል። ጭሱንም እዪ፤ ሞቃም ነጭ ጭስ ካልተወች ጥሩ አይደለም።

መንቀጥቀጧን እርሺው። 1.0 ቪትዝ ባለ ሦስት ሲሊንደር ናት፣ ተፈጥሮዋ ነው። በጣም ከበዛ ካንዴላዋን አሳዪ።

ጦሳ ሥር

ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው የራሴን ጥፋት ነው። ያሪስ መኪናዬ ልክ እዚያው ሐረጎ ላይ ፈላችብኝ። አንድ የጭነት ረዳት ጀሪካን ይዞ መጣና "ቶሎ ቶሎ!" አለኝ። ክዳኑን በጨርቅ ይዤ ከፈትኩት። እንፋሎቱ ክንዴን ላጠው። ያ አልበቃ ብሎ ቀዝቃዛ ውሃ ገለበጥኩበት። ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፣ ተጣመመ። ቶርኖ ቤት ገብቶ ተላገ፣ ሁለት ወር በእግሬ ሄድኩ። ጠባሳው አሁንም አለ። እህቴ፣ ለሚያጣድፍሽ ሰው ጆሮ አትስጪ።

የሰኞ ገበያ ጸሐፊ

ስለ መኪና ምንም አላውቅም፤ ውል ግን እጽፋለሁ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለተደበቀ ጉድለት ዋስትና አለበት። ውልሽ ላይ "ባለችበት ሁኔታ ተረክቤያለሁ" የሚል ይኖራል፤ ሁሉም ውል ላይ አለ። ሻጩ እያወቀ ከደበቀ ግን ያ ቃል አያድነውም። ገዢ ደግሞ ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት። ሦስት ሳምንት አልፎሻል፤ ዛሬውኑ በጽሑፍ አሳውቂው። ቴርሞስታቱ መውጣቱን የሚፈታው መካኒክ በወረቀት ጽፎ ይፈርምልሽ። ክስ ላይ ሳይደረስ ያ ወረቀት ብቻ ብዙ ሰው ያስታርቃል።

የሐረጎ ተመላላሽ

ይቅርታ ጠፋሁ። ዘጠኝ ቀን ሆነኝ አይደል? ጋሼ፣ እጅዎን ልሳም!

ቅዳሜ ወንድሜን ቀስቅሼ ክዳኑን ከፈትን። ጎማው እንደ ደረቀ እንጀራ ተሰነጣጥቋል። ውሃው ቡናማ ነው። አስነስተን ብንጠብቅ ብንጠብቅ አልተንፈቀፈቀም። ዘይቱም ዘይት ነው። ያኔ ነው ከሦስት ሳምንት ወዲህ የሳቅኩት።

ከዚያ ኮምቦልቻ አንድ ራዲያተር የሚሠራ ልጅ ጋ ወሰድኳት። የቴርሞስታቱን ቤት ሲፈታው ባዶ ነው፣ ጋሼ እንዳሉት። ራዲያተሩ ውስጥ ደግሞ ቀዳዳ መድፈኛ ዱቄት ተጨምሮበት ኖሮ ደርቆ ግማሹን ቧንቧ ዘግቶታል። ልጁ "ይሄ አይታጠብም፣ ይቀየር" አለ። ያገለገለ ራዲያተር፣ አዲስ ክዳን፣ ቴርሞስታትና ኩላንት ገዛሁ። ከእጅ ዋጋ ጋር ተደምሮ ከ60 ሺሁ ሩብ አልሞላም።

ለሻጩ በጽሑፍ ላክሁ፤ የልጁን ወረቀትም ፎቶ አንስቼ። ሁለት ቀን ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን ደውሎ "እኔም ስገዛት እንደዚያው ነበረች" አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት የተናገረ መሰለኝ። የራዲያተሩን ግማሽ ልኮልኛል። ቀሪውን ተውኩለት።

ትናንት ማታ እነዚያኑ ባልደረቦቼን፣ በሚኒባስ የሄደችውንም ጨምሬ፣ ጭኜ ወጣሁ። ቀይ መብራት የለም። ዛሬ ጠዋት ሰማያዊው ገና ከደሴ ሳልወጣ ጠፋ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ጠዋት ስትነሳ ለአፍታ "ጭጭጭ" ብላ ትጮሃለች፤ ጎረቤት ያነቃል። ቺንጋዋ (የሞተሩ ቀበቶ) ትሆን?

ጡረተኛው መካኒክ

እሰይ ልጄ። ነገ ጠዋት ስትጮህ፣ እጅሽንና ነጠላሽን አርቀሽ፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ ትንሽ ውሃ ቺንጋዋ ላይ ጠብ አድርጊ። ድምጹ ለአፍታ ከጠፋ ወይ ከተለወጠ ቺንጋ ነው። ካልተለወጠ ኩሽኔታ ይሆናል። የውሃ ፓምፑንም የምታዞረው እሷው ናት፤ ብትበጠስ ያ ቀይ መብራት ተመልሶ ይመጣል። እስከ እሑድ አታቆዪው።

የፒያሳ ልጅ

እሺ፣ ዲኤክሱን ትቻለሁ። ከእሑድ በኋላ ግን እኔንም በነጻ አውጪኝ።