እናቴን ወዴት ልውሰዳት? የአንድ ዓመት ዙረት ሒሳብ

ፍሪጅ ጠጋኙ | ጳጉሜን 6 ቀን 2011 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልኝ። ዘመነ ሉቃስ ስድስተኛዋን ጳጉሜን ስለመረቀልን ዛሬ ሥራ የለኝም፤ የመንገድ ደብተሬን ገልጬ ዓመቱን ስቆጥር ዋልሁ። ሙያዬ የክትባት ማቀዝቀዣ ጥገና ነው። ማቀዝቀዣ የተቀመጠበት ጤና ኬላ ሁሉ አንድ ቀን የብልሽት ተራው ይደርሰዋል፤ በዚህ ምክንያት ጎጃምን ከደጀን እስከ ዳንግላ፣ ከሞጣ እስከ ቡሬ አዳርሻለሁ። ለሽርሽር ብዬ የወጣሁበት አንድም ቀን የለም። ቢሆንም አበሌ አልቆ እንኳን "ትንሽ ልሰንብት" ያሰኙኝ ቦታዎች አሉ።

አንደኛው የጮቄ ተራራ ነው። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ስልክ ተደወለ፤ "ማቀዝቀዣው አስቸገረን" ይላል፣ መስመሩ ይቆራረጣል። አልቀዘቅዝ ብሎ መስሎኝ የመለዋወጫ ሳጥኔን ሞልቼ፣ መኪና እስከሚወጣበት በመኪና፣ ከዚያ በላይ ሳጥኑን በበቅሎ ጭኜ እኔ በእግሬ ደረስሁ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኖ ጠበቀኝ፤ መሣሪያው ከልክ በላይ ይቀዘቅዛል። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ነው የሚቀመጠው። አንዳንዱን ክትባት ደግሞ ከሙቀት ይልቅ በረዶ ነው የሚገድለው፤ አንዴ ከረጋ በኋላ ቢቀልጥም አይረባም። መለኪያው ከዜሮ በታች ያሳያል። መቆጣጠሪያው እስከ መጨረሻው ተጠምዝዟል፣ ማቀዝቀዣውም መስተዋቱ ከወለቀ መስኮት ሥር ተቀምጧል። መቆጣጠሪያውን መለስሁት፣ ማቀዝቀዣውን ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ገፋሁት፣ መስኮቱን በካርቶን ደፈንሁት። የግማሽ ቀን ዳገት ለሩብ ሰዓት ሥራ! የተበላሸውን ክትባት ለይታ የምትመዘግበው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ዓይኔን ማየት አፍራለች፤ እኔ ደግሞ በከንቱ ያሸከምኋትን በቅሎ ማየት አፍሬያለሁ።

የሚያወርደኝ መኪና እስኪገኝ ሁለት ሌሊት አደርሁ። ጠዋት ስወጣ ጓሳው ላይ አመዳይ ተነጥፏል፤ ፀሐይ ስትነካው ሜዳው በሙሉ ይጨሳል። "እንደ ጅብራ ተገተረ" ሲባል ዕድሜ ልኬን ስሰማ ኖሬያለሁ፣ ሰውም ሰድቤበታለሁ። ጅብራ የሚባለውን ተክል በዓይኔ ያየሁት ግን ያን ዕለት ነው። ከእኔ ቁመት በላይ ሆኖ ጉም ውስጥ ቆሞ ሳየው እረኛ መስሎኝ "እንደምን አደርህ" ብዬዋለሁ። ከኋላዬ የሚመጣው ባለ በቅሎ ሰምቶኝ ነበርና እስክንለያይ ድረስ አልማረኝም። መሬቱን የትም ብትረግጡት ውሃ ይላል። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ሁሉም ከዚያ ተነሥተው ነው ዓባይን የሚቀላቀሉት።

ሁለተኛው መርጡለ ማርያም ነው። እቴጌ እሌኒ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ በቅጥሩ ውስጥ ቆሟል። ለአፍታ ልሳለም ብዬ ገብቼ፣ በድንጋዩ ላይ የተፈለፈለውን ሐረግና አበባ ስከተል ሾፌሬ ጥሩንባ እየነፋ ጠራኝ።

ሦስተኛውን ስነግራችሁ ትስቁ ይሆናል። አዲስ ቅዳም ዙሪያ ያሉት የፋግታ ለኮማ ኮረብታዎች ናቸው። ገበሬው የውጭ ግራር ይተክላል፤ በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራል፣ ቀጥሎ ሣሩን ያጭዳል፣ ዛፉ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ቆርጦ ከሰል ያከስላል፣ ከዚያ እንደገና ያርሳል። አንዱ ማሳ ጥቁር፣ አንዱ ለጋ አረንጓዴ፣ አንዱ ደን ነው፤ ኮረብታው የተጣፈ ሱሪ ይመስላል። እንዲህ ያለ ነገር እወዳለሁ፤ ሙያዬም መጣፍ ነውና።

ደጀንን ዝለሉት። የዓባይን በረሃ ሚያዝያ ላይ ከተሰበረ መኪና ጋር ያሳለፈ ሰው ስለ ውበቱ አይጠየቅም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። እናቴ ቢቸና ናት። ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። ደብረ ማርቆስን ለሕክምና፣ አዲስ አበባን ለልቅሶ ታውቃቸዋለች፤ ለደስታ ብላ የሄደችበት አገር የለም። በመጪው ጥር ዐሥራ ሁለት ቀን የዓመት ፈቃድ አለኝ። ጮቄ ልውሰድሽ ብላት "ጮቄንማ ከደጄ ሆኜ አየው የለ፣ እዚያ ብወጣ ምን ሊጨምርልኝ?" አለችኝ። ስለ መርጡለ ማርያም ድንጋይ ባወራላት "ገበያው በየትኛው ቀን ነው የሚውል?" ብላ ጠየቀችኝ። ስለ ከሰሉ ጨርሶ አላነሣሁባትም። እኔን ደስ ያለኝ ቦታ ለእሷ እንደማይሆን ገብቶኛል። እናንተ ብትሆኑ ወዴት ትወስዷት ነበር?

የጣና ዳር ሰው | ጳጉሜን 6 ቀን፣ ማታ

ወንድሜ፣ ባሕር ዳርን በደብተርህ ውስጥ አለማስገባትህ ሆን ብለህ ነው ወይስ ረስተህ? ከቢቸና በሞጣ አድርገህ ቀጥታ መምጣት ትችላለህ። ዘጌን አሳያቸው። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ከጀልባው ወርዶ በቡና ደኑ ውስጥ ሽቅብ የሚያስኬድ መንገድ አለው፤ ለጉልበታቸው እያሳረፍህ ውሰዳቸው። ዘጌ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ በገዳሙ ሥርዓት ክልክል ነው፤ ደኑ እስከ ዛሬ የቆየው በዚሁ ነው፤ ለገበሬ እናት ይህ ራሱ ወሬ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፤ የጀልባ ደላላ "ክብራን ገብርኤልንም ጨምረን" ካለህ እሺ እንዳትል። ክብራንና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም፤ ከፍለህ እናትህን ጀልባ ላይ ታስቀምጣቸዋለህ። ባለፈው ዓመት አንድ የማውቀው ሰው ሚስቱን እንዲህ አድርጎ፣ ሲመለስ ጀልባው ላይ ያለው ኩርፊያ ከማዕበሉ ይብስ ነበር። ጢስ ዓባይንም በጥር አትመኝ። ውሃው ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚጠለፍ ያን ጊዜ ቀጭን ነው፤ እሱ የነሐሴና የመስከረም እንግዳ ነው።

መንቆረር | መስከረም 1 ቀን 2012 ዓ.ም.

እንኳን አደረሳችሁ። እኔ የምለው አጭር ነው። እናትዎ ደብረ ማርቆስን ለሕክምና ብቻ ካዩ፣ ያዩት የካርድ ወረፋ ነው። ከተማዋ መንቆረር ስትባል ስሟን የለወጡት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ናቸው፤ ማርቆስን አሳልሟቸው፣ ከዚያ ጥሩ ምሳ ጋብዟቸው፣ አንድ ሌሊት ይደሩ። በሽታ ሳይኖርባቸው አንድ ጊዜ ይዩን።

የዘንገና ልጅ | መስከረም 2 ቀን

ጠጋኙ ወንድሜ፣ ኮረብታችንን በተጣፈ ሱሪ መስለኸዋልና በእንጅባራ በኩል ስታልፍ ካሳ አለብህ። ይሁን፣ እምርሃለሁ።

አንተ ቦታ እየመረጥህ ነው የተቸገርህ። ቀኑን ምረጥ፤ ቦታውን ቀኑ ራሱ ያመጣልሃል። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የፈረሰኞች በዓል ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ስለሆነ መጪው ጥር 80ኛ ዓመቱ ነው። ዓድዋ የዘመቱት ፈረሶችና ፈረሰኞች መታሰቢያ ነው እያልን ነው ያደግነው። አባቴ አባል ነው። በአዘቦት ቀን ማኅበሩ ለቅሶ ይደርሳል፣ የተጣላ ያስታርቃል፤ በዚያን ቀን ግን ሽማግሌው ሁሉ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነው። ፈረሱ ከእኛ በፊት ይለብሳል፤ እናቴ የእሱን ጌጥ አጥባና ወልውላ ሳትጨርስ የእኛን ቀሚስ አትተኩስም ነበር። ከየወረዳው ሲገቡ አስቀድሞ ድምፁ ነው የሚመጣው፣ ከዚያ አቧራው፣ ከዚያ ነው ፈረሱን የምታየው። ጉግሱ ሲጀመር እናትህን ከገመዱ ኋላ፣ ጥላ ያለበት ቦታ አስቀምጣቸው። በርጩማ ይዘህ ና፤ እንጅባራ የቀርከሃ አገር ስለሆነች ከመንገድ ዳር ብትገዛም ታገኛለህ።

በማግስቱ ዘንገናን አሳያቸው። ከ160 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው፣ እንደ ገበቴ ክብ የሆነ ሐይቅ ነው፤ ከአስፋልቱ ስለማይርቅ ጉልበት አይጠይቅም። ጦጣዎቹ ግን ሌቦች ናቸው፤ የእጅ ቦርሳቸውን ይጠብቁ። ጋቢ አትርሳ፤ የጥር ሌሊታችን ከጮቄህ ብዙ አያንስም።

የቀድሞ የቆሎ ተማሪ | መስከረም 2 ቀን፣ ማታ

የዘንገና ልጅ ቀኑን ምረጥ ማለቷ ትክክል ነው። እኔ ደግሞ ሌላውን ጫፍ ልስጥህ። ጥር 13 የአቡነ ዘርዓ ብሩክ በዓል ነው፤ ቦታው የዓባይ መነሻ ምንጭ፣ ግሽ ዓባይ ነው። ከ13 እስከ 23 ዐሥር ቀን፣ ፈቃድህ ዐሥራ ሁለት። ግሽ ዓባይ ያለበት ሰከላና እንጅባራ ጎረቤት ናቸው። ቲሊሊ ላይ ማረፊያ ብትይዝ ወደ ግሽ ዓባይ የሚያስገባው መንገድ ከዚያው ይገነጠላል፤ በመካከሉ ባሉት ቀናት እናትህ ይረፉ፣ ገበያ ይውጡ። ገበያ የሚጠይቁ ሰው ገበያ ሳያዩ ቢመለሱ ጉዞው አይቆጠርላቸውም።

ተማሪ ሳለሁ ከዋሸራ ተነሥተን በእግራችን ነበር የሄድነው። ደበሎ ለብሰን፣ አኮፋዳ አንግተን፣ የየመንደሩን ውሻ በዱላ እየመከትን። ወደ ምንጩ የሚቀርበው እህል ያልቀመሰ ሰው ብቻ ነው፤ ይህን ለእናትህ አስቀድመህ ንገራቸው፤ አውቀውት ሊሆንም ይችላል። እኛ ይህ ሥርዓት አልከበደንም ነበር፤ ተማሪ መቼም ወድዶ ባይሆን እንኳን ጾመኛ ነው። ስንደርስ አንዱ ጓደኛዬ ምንጩን አይቶ "ይህች ናት?" ብሎ በትልቅ ድምፅ ተናገረ። ከአፉ ሳይጨርስ አንድ መነኩሴ በመቋሚያቸው ትከሻውን ነካ አደረጉት። ፍርዱ ግን የእሱ ብቻ አልነበረም፤ ሁላችንም ያሰብነው እሱ የተናገረውን ነው። ያን ሁሉ አገር የሚያጥለቀልቅ ወንዝ ሲጀምር ለአንድ ገንቦ የሚበቃ ዓይን ብቻ ነው።

ታሪኩን እንደሰማሁት ልንገርህ። አቡነ ዘርዓ ብሩክን ወታደሮች ሊይዟቸው ሲመጡ መጻሕፍታቸውን ለምንጩ አደራ ሰጡ። ከዓመታት እስር በኋላ ተመልሰው "ግሽ ዓባይ" ቢሉት፣ መጻሕፍቱን ሳይረጥቡ አወጣላቸው፤ ስሙም ከዚያ ቀረ ይባላል። ከባሕር ማዶም እንግዳ መጥቶበታል፦ እስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770። ብሩስ "ከእኔ በፊት የደረሰ የለም" ብሎ ፓኤዝን ሊክደው ሞከረ። ሁለቱ ማን ቀደመ ሲባባሉ የሰከላ ሰው ገንቦውን ይዞ ወረፋ ላይ ነበር።

ደግሞም ስለ ጮቄ ያነሣኸው ጥሩ ነው። እናትህ ከደጃቸው የሚያዩት ተራራ ውሃ ወደ ዓባይ ሲወርድ ኖሯል፤ አሁን የሚቀበለውን ወንዝ ከራሱ ያዩታል። እንዲህ ብለህ አስረዳቸው።

የጣና ዳር ሰው | መስከረም 3 ቀን

ተረታሁ። ግን በ25 ፈቃድህ ካላለቀ ባሕር ዳር ከእንጅባራ ሩቅ አይደለችም። የጀልባውን ነገር አስታውስ።

ፍሪጅ ጠጋኙ | መስከረም 4 ቀን

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ቢቸና ሄጄ ነበር፤ ለእንቁጣጣሽ ዘግይቼ በመድረሴ መጀመሪያ ተቆጣችኝ፣ ከዚያ ቡና አፈላች። በሁለተኛው ስኒ ላይ ነገሩን አወጣሁት።

ስለ ፈረሱ ስነግራት ብዙም አልተገረመችም። አባቷ ፈረስ ነበረው፤ ስሙን እስከ ዛሬ ታስታውሳለች፣ እኔ ግን እስከ ትናንት ሰምቼው አላውቅም ነበር። ያን ፈረስ ስንት እንደ ሸጡትና ለምን እንደ ሸጡት ስታወራ ቡናው ቀዘቀዘ። ዘንገናን "ውሃ ነው አይደል?" ብላ አለፈችው። ባሕር ዳር ላይ ሴት የማይገባበት ገዳም እንዳለ ስነግራት "እሰየው፣ እዚያ እነሱ ይጸልዩልን" አለች። መንቆረር፣ ያንተን ስነግራት ዝም ብላ ቆይታ "ምሳው የት ነው?" አለችኝ። ስለዚህ በመንገዳችን ላይ አንድ ሌሊት ማርቆስ እናድራለን።

የቆሎ ተማሪው፣ ወንዙን ከራሱ ታይዋለሽ ያልኸውን ቃል በቃል ነገርኋት። እሷ የያዘችው ግን ሌላውን ነው፦ "ጠበሉን ይዞ መምጣት ይፈቀዳል?" አለችኝ። ይፈቀዳል ብዬ አፌን ሳልገጥም ማን ማን እንደሚካፈል መቁጠር ጀመረች። እኅቷ፣ ሁለቱ ጎረቤቶች፣ ዓይኗን የሚያማት የክርስትና ልጇ፣ ደብረ ወርቅ ያለችው አማቷ። ዛሬ ጠዋት ልወጣ ስል በረንዳው ላይ ሁለት ቢጫ ጀሪካን ታጥበው ተደፍተው አየሁ። ጥር ገና አራት ወር ይቀረዋል።

የዘንገና ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እያንዳንዱ ሃያ ሊትር ይይዛል። ከቲሊሊ ወደ ማርቆስ የሚመለሰው አውቶቡስ ሁለቱንም ከላይ ይጭንልናል ወይስ ከአሁኑ በትንንሹ እንድትለውጠው ላስለምናት?