ገጠር የኖሩትን አባታችንን በሙት ዓመታቸው እንዴት እናስባቸው?

የጓሳ ልጅ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ካረፉ አሥር ወር ሆኗቸዋል። የኖሩት በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ ከጓሳ ሣር ምድር አጠገብ ባለች መንደር ነው። ገብስ እያረሱና በግ እያረቡ ሰባት ልጆች አሳድገዋል። በቀብራቸው ዕለት የተነበበውን የሕይወት ታሪክ በአንድ ሌሊት የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። የተወለዱበትን ዘመን፣ የልጆቻቸውን ቁጥርና «ደግ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ሃይማኖተኛ» የሚለውን ለሟች ሁሉ የሚነበብ ቃል አስገባሁበት። ሲነበብ ቆሜ ስሰማው ግን አባቴን በውስጡ አላገኘኋቸውም።

አባቴ ሜዳ ወዳድ ነበሩ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እህል ከቀመሱ በኋላ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ይዘው ወደ ጓሳ ይወጣሉ፤ ከእኛ ከልጆቻቸው አንዳችንን ሳያስከትሉ የሄዱበትን ቀን አላስታውስም። የእኔ ተራ ሲደርስ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጠን፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሣር እየነጩ ሲግጡ፣ ግልገሎቻቸው በእናቶቻቸው ጀርባ ላይ ሆነው ሲያልፉ እናያለን። አባቴ ብዙ አይናገሩም፤ ብርድ የያዘውን እጄን ስበው ጋቢያቸው ውስጥ ያስገቡታል እንጂ። አንድ ጊዜ ቀይ ቀበሮ በጭላዳዎቹ መካከል ቀስ ብሎ ሲሄድ አይቼ ደንግጬ ስጮህ፣ «ዝም በል፣ እነሱን አይነካም፤ ከእነሱ ጋር ሲውል አይጥ አያመልጠውም» አሉኝ። ስንመለስ ጦስኝ ቆርጠው በጋቢያቸው ጫፍ ይቋጥራሉ።

አሁን ወንድሞቼ ለሙት ዓመቱ የእብነ በረድ ሐውልት ለማሠራት ገንዘብ አዋጥተዋል። አልተቃወምኩም፤ ነገር ግን አሜሪካ ተወልደው ያደጉት የልጅ ልጆቻቸው ከድንጋዩ ላይ ስምና ዓመተ ምሕረት ብቻ አንብበው ይመለሳሉ ብዬ እሰጋለሁ። አንድ ጊዜ የተነበበን የሕይወት ታሪክ እንደገና ጽፎ በሙት ዓመት ማንበብ ነውር ይሆን? ነውር ካልሆነስ ከምን ልጀምር?

ጡረተኛው መምህር

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልን። ነውር የለበትም። የቀብር ዕለት ጽሑፍ በልቅሶ መካከል፣ ለቀስተኛ እየጠበቀ የሚጻፍ ስለሆነ ከዚያ የተሻለ ይሆናል ተብሎ አይጠበቅም፤ ሙት ዓመት ግን ልብ ከተረጋጋ በኋላ የሚመጣ ነው። እኔም ለአባቴ ያደረግሁት እንዲሁ ነበር።

የምመክርዎ አንድ ነገር ቢኖር ከወረቀቱ በፊት ከሰዎቹ እንዲጀምሩ ነው። ከአባትዎ ጋር በደቦ ያጨዱ፣ በግ አብረው የጠበቁ አዛውንቶች ዛሬ በሕይወት ካሉ፣ በእጅ ስልክዎ ድምፃቸውን ይቅዱ። «ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ብለው ከጠየቋቸው ግን የሚሰሙት ያንኑ «ደግ ነበሩ» ይሆናል። ይልቁንስ የበሬዎቻቸውን ስም፣ ውርጭ ገብሱን የመታበት ዓመት ያደረጉትን፣ ዝናብ መምጣቱን በምን ያውቁ እንደነበር፣ የትኛው ምንጭ ዘንድ ቁጭ ብለው እንደሚያርፉ ይጠይቁ። እኔ የአባቴን በሬዎች ስም የሚያውቁትን የመጨረሻ ሰው ልጠይቅ ቀጠሮ ይዤ ሳለ አረፉብኝ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የአፋፉ ሰው

ስለ ቀበሮው የጻፉትን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም። አባትዎ በዓይናቸው ያዩትን ነገር ተመራማሪዎች እዚያው ጓሳ ላይ ተከታትለው በ2015 እ.ኤ.አ. አሳትመውታል፦ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከመቶ ሙከራው 67ቱ ይሰምርለታል፤ ከመንጋው ውጭ ሲያድን ግን የሚሰምርለት 25 ያህሉ ብቻ ነው። አንድ ገበሬ ሳይንቲስቶች ሳይመጡ ይህንን አይተው ለልጃቸው መንገራቸው በሕይወት ታሪካቸው ውስጥ መጻፍ አለበት፤ እኔ ብሆን መጀመሪያው ላይ አስገባዋለሁ።

ሌላው፣ አባትዎ በ1967 ዓ.ም. ከታወጀው የመሬት አዋጅ በፊት ለአካለ መጠን የደረሱ ከሆነ፣ ቄሮ በሚባለው የጓሳ ሣር ምድር ጥበቃ ሥርዓት ውስጥ ኖረዋል ማለት ነው። ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኘው ያ ሁሉ ሣር እስከ ዛሬ የቆየው በአጋጣሚ አይደለም። የአካባቢው ባለርስቶች በመረጧቸው አለቆች እየተዳኙ ጓሳውን ለዓመታት ይዘጉት ነበር፤ በዚያን ጊዜ ከብት ማስገባትም ሆነ ለቤት ክዳንና ለገመድ ሣሩን ማጨድ ክልክል ነው፤ የሚከፈትበትን ቀንም የሚወስኑት እነዚያው ናቸው። አዋጁ የርስቱን ሥርዓት ሲያፈርስ ቄሮውም አቅም አጣ፤ ኋላ ግን ሕዝቡ በራሱ ደንብ ጥበቃውን መልሶ አቋቁሟል። አባትዎ በዚያ ጥበቃ ተረኛ ሆነው ያውቁ እንደሆነ ሽማግሌዎቹን ይጠይቁልኝ። ሜዳ መውደድ በእነሱ ዘመን የትርፍ ጊዜ ነገር ብቻ አልነበረም፤ የሚጠበቅ ነገር ነበር።

የመሐል ሜዳዋ

የተሰጠው ምክር ሁሉ መልካም ሆኖ ሳለ አንድ ሰው ተረስተዋል ብዬ አምናለሁ፤ እናትዎ። የእኔም አባት ሜዳ ወዳድ ነበሩ፤ እሳቸው በወጡበት ሰዓት ሁሉ ግን እንጀራውን የምትጋግረው፣ ያልተወሰዱትን ልጆች የምትይዘው፣ ማታ ዘግይተው ሲመጡ በር ላይ ቆማ የምትጠብቀው እናቴ ነበረች። እናትዎ በሕይወት ካሉ ከማንም በፊት እሳቸውን ይጠይቋቸው፤ ቅር ያላቸውንም ጭምር እንዲነግሩዎ ይፍቀዱላቸው። ሐውልቱን በተመለከተ ከወንድሞችዎ ጋር አይጣሉ፤ ድንጋዩም ይቁም፣ ጽሑፉም ይጻፍ። ክረምቱ ሲገባ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሁለት የኮሶ ችግኝ ብትተክሉም ደጋውን ይችለዋል፤ ባሕር ዛፍ ግን አደራ።

የጓሳ ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት እናቴ ዘንድ ደወልኩ። እውነትም ቅር ያላት ነገር ነበር፤ በመኸር ወቅት እንኳ ሥራ ትተው ይወጡባት እንደነበርና በዚህ ብዙ ጊዜ መጣላታቸውን ነገረችኝ። ጥበቃውንም ጠየቅኋት፤ የተዘጋ ሣር ውስጥ የገባ ከብት ሲያዩ፣ የገዛ ወንድማቸው ከብት ቢሆንም፣ እየነዱ ለአለቆቹ ያስረክቡ ነበር አለች።

ከዚያ ጥቂት ዝም ብላ፣ እኛ አንዳችንም ሳንወለድ፣ በተጋቡ በዓመታቸው፣ እሷንም አንድ ቀን ወደ አፋፉ ወስደዋት እንደነበር ጨመረችልኝ። ሰው አይቶ «ሙሽሪት ሥራ ፈታ ገደል ላይ ተቀምጣለች» እንዳይላት አፍራ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና መቀመጧን፣ እሳቸውም ብርድ የያዘውን እጇን ጋቢያቸው ውስጥ ማስገባታቸውን አልረሳችም። ከዚያ ወዲህ ወደዚያ ሄዳ አታውቅም። ቦታውን ግን ዛሬም እንደምታውቀው ስለነገረችኝ፣ በሚቀጥለው ወር በበቅሎ ይዘናት እንወጣለን።