ክርክር፦ ፓርላማው ስለ ጦር፣ ስለ ፓርክና ስለ ድንበር ሲጠይቅ በሩ ይዘጋ ወይስ ይከፈት?

የፒያሳ ልጅ፦
ሰላም የጎንደር ልጆች። ትናንት ስለ አሜሪካ ኮንግረስ ኮሚቴዎች የተነሳው ወሬ መልክ ሳይዝ ስለተቋረጠ ዛሬ በደንብ እንከራከርበት። ጥያቄው ይሄ ነው፣ የተወካዮች ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴዎች መከላከያን፣ ውጭ ጉዳይን፣ ዱር እንስሳት ጥበቃን ጠርተው ሲጠይቁ ሕዝብ እያየ ይሁን ወይስ በዝግ? ደግሞስ እኛን የሚነካ ጉዳይ ሲሆን ኮሚቴው እዚሁ መጥቶ ነዋሪውን በምስክርነት ይስማ ወይስ አዲስ አበባ ሆኖ ሪፖርት ማዳመጡ ይበቃል? የኔን አቋም ከፊት ልናገር፣ በሩ ይከፈት፣ ኮሚቴውም ይምጣ። ሦስቱም ጉዳይ እኮ የሚገናኘው እኛ ጋ ነው፤ መተማ ድንበሩ አለ፣ ቋራ ላይ አልጣሽ ፓርክ ከሱዳኑ ዲንደር ጋር ተያይዞ ነው ያለው፣ የስሜን ተራሮች ፓርክ አለ። በ2011 ስሜን ሲቃጠል ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያ ከኬንያ ሄሊኮፕተር ነው የመጣልን፣ ስለዚህ ፓርክ የሚዳቋና የዋልያ ጉዳይ ብቻ፣ ድንበር የወታደር ብቻ ብሎ መከፋፈል አይሆንም። ሐሳባችሁን ጣሉ፣ ስድብ የለም፣ የዘር ወሬም የለም።

ሻለቃ ጡረተኛው፦
ልጄ በፓርኩ እስማማለሁ። ጦርና ውጭ ጉዳይ ግን በአደባባይ አይሆንም። እኔ በሥራ ላይ ሳለሁ የአንድ ክፍል የነዳጅና የስንቅ ሁኔታ እንኳ ለማንም አይነገርም ነበር፣ ምክንያቱም ጠላት ከስንቅህ ተነስቶ እስከ መቼ እንደምትቆይ ያሰላል። አሁን አንድ የፓርላማ አባል ካሜራ ፊት «ምዕራቡ ድንበር ላይ ስንት ኃይል አለን» ቢል ሚኒስትሩ ቢመልስም ጉዳት ነው፣ አልመልስም ቢልም ወሬ ነው። ግብፆችን አስታውሱ፣ በ2005 አባይ አቅጣጫው በተቀየረ ሰሞን ፖለቲከኞቻቸው ከፕሬዚዳንቱ ከሙርሲ ጋር ተቀምጠው ግድቡን እንዴት እናሰናክል፣ ተቃዋሚ እንርዳ ምናምን ሲሉ በቀጥታ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ነበር፣ አንዳንዶቹ መተላለፉን አላወቁም። የተጠቀምነው እኛ ነን፣ ዓለም ሁሉ ሰማቸው። ያ ነገር በእኛ እንዲደርስ አልፈልግም።

ጎንደሬ ከቨርጂኒያ፦
ሻለቃ ያሉት የግብፁ ምሳሌ ጥሩ ነው ግን ለኔ የሚያሳየው ሌላ ነው። እነዛ ሰዎች ዝግ ነው ብለው ነው እንደዛ የተናገሩት። ክፍት መሆኑን የሚያውቅ ሰው ቃሉን መርጦ ነው የሚናገረው። እዚህ አሜሪካ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ፣ ብዙ ሰው ጩኸቱን ቆርጦ ቲክቶክ ላይ ብቻ ስለሚያየው። የኮሚቴው ሊቀመንበር ቀን ይቆርጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ከሳምንት በፊት ርዕሱ ቦታው ይፋ ይሆናል። ተጠሪው ንግግሩን ቀድሞ በጽሑፍ ያስገባል፣ እለቱን አሳጥሮ ይናገራል። ሊቀመንበሩና የአናሳው ፓርቲ ተጠሪ መክፈቻ ያሰማሉ፣ ከዛ በተራ አምስት አምስት ደቂቃ ጥያቄ ነው። ያላለቀው ጥያቄ በጽሑፍ ይላካል፣ መልሱም ከመዝገቡ ጋር ይታተማል። በታችኛው ምክር ቤት አናሳው ፓርቲም የራሱን ምስክር የመጥራት መብት አለው፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። አልመጣም ያለውን ደግሞ በመጥሪያ ማስገደድ ይችላሉ። የጦር ጉዳይ ኮሚቴዎቹ ጠዋት በክፍት ይጠይቁና ምስጢር ያለው ክፍል ከሰዓት በዝግ የሚቀጥልበት ጊዜ ብዙ ነው፣ ለመዝጋት ግን አባላቱ በስማቸው ድምፅ መስጠት አለባቸው። ሻለቃ ያነሱት የነዳጅና የስንቅ ጥያቄ ከሰዓት ይሄዳል ማለት ነው፣ በጀቱ የት ገባ የሚለው ግን ጠዋት ነው።

ሌላው፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የሴኔቱ የውጭ ግንኙነት ኮሚቴ ሊቀመንበር ፉልብራይት የቬትናምን ጦርነት ቴሌቪዥን እያስተላለፈው ሲመረምር ፕሬዚዳንቱ ጆንሰን የራሱ ፓርቲ ሰው ነበር! ራሱ ሊቀመንበሩ የገዢው ፓርቲ አባል ሆኖ የራሱን መንግሥት ሚኒስትር አስቀምጦ ይጠይቃል። በ1971 ደግሞ ከጦርነቱ የተመለሰ ጆን ኬሪ የሚባል ወጣት መኮንን እዛው ኮሚቴ ፊት መሰከረ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ የዛው ኮሚቴ ሊቀመንበር ሆነ።

ሻለቃ ጡረተኛው፦
ጦርነቱ ግን ቆመ? ከ1966ቱ በኋላ ብዙ ዓመት ነው የቀጠለው። ካሜራው የገደለውን አላስነሳም።

ጎንደሬ ከቨርጂኒያ፦
ወዲያው አልቆመም ልክ ነው። ነገር ግን ሕዝቡ ጦርነቱን የሚቃወሙት ጎዳና ላይ ያሉ ተማሪዎች ብቻ እንዳልሆኑ አየ፣ ዲፕሎማቶችና ጄኔራሎች ተቀምጠው ሲጠራጠሩ ሰማ። የኛንም አስታውሱ፣ ኢትዮጵያ ላይ ማዕቀብ የሚያስጥለው የኮንግረስ ረቂቅ ሕግ ኤች አር 6600 በእኛ አቆጣጠር በ2014 የካቲት ወር ኮሚቴ ላይ በነበረበት ጊዜ እዚህ ያለነው አበሾች ጽሑፉን አንቀጽ በአንቀጽ አንብበን ለተወካዮቻችን ደወልን ጻፍን፣ የደገፈውም የተቃወመውም። ረቂቁ ሕግ ሳይሆን ቀረ፣ በኛ ስልክ ብቻ ነው አልልም፣ ግን በሩ ክፍት ባይሆን ምኑን አውቀን እንከራከር ነበር? በአንፃሩ በ2016 ታኅሣሥ ከሶማሊላንድ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ ሙሉ ጽሑፉ ለሕዝብ አልወጣም፣ ስለዚህ አገሩ ሁሉ በግምት ተከፋፈለ።

የማራኪዋ ሕግ፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ ረዘም ይላል ታገሱኝ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 የምክር ቤቱ ስብሰባ በግልጽ ይካሄዳል ይላል፣ ዝግ የሚሆነው አባላቱ ወይም አስፈጻሚው ሲጠይቅና ከግማሽ በላይ አባላት ሲደግፉት ነው። ማለትም ክፍትነት መነሻው ነው ዝግ ደግሞ ልዩ ሁኔታ። አንቀጽ 55 ንዑስ 7 ስለ መከላከያና ፖሊስ ነው፣ የዜጎችን መብትና የአገርን ደኅንነት የሚነካ ነገር ሲደርስ ምክር ቤቱ ያጣራል እርምጃም ያስወስዳል ይላል፤ ንዑስ 12 ዓለም አቀፍ ስምምነት ያጸድቃል፤ ንዑስ 17 ጠቅላይ ሚኒስትሩን ጨምሮ ባለሥልጣናትን ጠርቶ ይጠይቃል አሠራራቸውንም ይመረምራል። ስለዚህ ከአሜሪካ የምንበደረው ሥልጣን የለም፣ ወረቀቱ ላይ አለን።

እኔ የማልስማማው ከቨርጂኒያው ወንድማችን ጋር ነው፣ ካሜራው ላይ በጣም ተንጠለጠለ። አሜሪካ ኮንግረሱና ፕሬዚዳንቱ ለየብቻ ነው የሚመረጡት፣ አንዱ ሌላውን ቢያሳጣ ወንበሩን አያጣም። የኛ መንግሥት የሚመሠረተው ፓርላማው ውስጥ ብዙ ወንበር ባለው ፓርቲ ነው። በ2013 ምርጫ ውጤት ከተገለጸባቸው 436 ወንበሮች ብልጽግና 410 ወሰደ። ኮሚቴው የገዛ አለቃውን እንዲጠይቅ ነው የምንጠብቀው፣ በሩን ብትከፍተው ሁሉም አመስግኖ ይወጣል፣ አንተም ምስጋናውን በቀጥታ ስርጭት ታያለህ። ለኛ የምትቀርበው ጀርመን ናት፣ እሷም ፓርላማዊ ናት። የመከላከያ ኮሚቴያቸው በመደበኛነት በዝግ ነው የሚሰበሰበው፣ ግን መሠረታዊ ሕጋቸው አንቀጽ 45ሀ ላይ የመርማሪ ኮሚቴ ሥልጣን ሰጥቶታል፣ ከአባላቱ አንድ አራተኛው ከጠየቀም የመመርመር ግዴታ አለበት። አያችሁ፣ ተቃዋሚው ብቻውን ምርመራ ማስጀመር ይችላል ማለት ነው! እኔ ከካሜራ ይልቅ ያቺን አንድ አራተኛ እመርጣለሁ።

የፒያሳ ልጅ፦
የማራኪዋ፣ የኛ ፓርላማ ውስጥ ተቃዋሚው አንድ አራተኛ የት ይደርስና እህቴ? አንቺ የጠቀስሽው ቁጥር ራሱ ይመልስልሻል። ካሜራ ግን ወንበር አይጠይቅም፣ አንድ ብቸኛ ሰው እንኳ ጥሩ ጥያቄ ቢያነሳ አገር ይሰማዋል።

የማራኪዋ ሕግ፦
እሺ ቁጥሩን እንደ አገራችን ዝቅ አርገው። አንድ ሰውዬ ጠይቆ ሚኒስትሩ «በሂደት ላይ ነው» ብሎ ቢሄድስ? ሰነድ አምጣ ብሎ የሚያስገድደው ከሌለ ጥያቄው ወሬ ሆኖ ይቀራል፣ እኔ ያስጨነቀኝ እሱ ነው።

የደባርቅ ልጅ፦
እናንተ ጀርመን ገባችሁ፣ ወደ ስሜን ልመልሳችሁ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ተርታ ገባ፣ በ2017 ከዛ ዝርዝር ወጣ፣ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። እንዲወጣ ከረዱት ነገሮች አንዱ ግን በእኛ አቆጣጠር በ2008 የግጭ መንደር መነሳቱ ነው፣ 418 አባወራ ከደጋው ወርዶ ደባርቅ ሰፈረ። ከብት ያረባ የነበረ፣ ገብስ የዘራ የነበረ ሰው ከተማ ገባ ማለት ነው። ዋልያው ቦታ አገኘ፣ እኔ ዋልያውን እወደዋለሁ፣ ያደግኩት እያየሁት ነው፣ እንዲጠፋ አልፈልግም። ግን ከተነሱት ዘመዶች አሉኝ፣ ካሳው ምን ላይ ዋለ፣ ልጆቹ ሥራ አገኙ ወይ፣ ግጦሹ የተከለከለው ከብትስ የት ሄደ ብሎ ተቀምጦ ቃላቸውን የመዘገበ ኮሚቴ አላውቅም። ከላይ እንግዳ ሲመጣ የማየው ነገር አንድ ነው፣ መኪኖች ይደረደራሉ፣ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ገለጻ ይደረጋል፣ ፓርኩ ይጎበኛል፣ ሁለት ሦስት የተመረጡ ሰዎች ይናገራሉ፣ ማታ ዜና ላይ «አበረታች ነው» ይባላል። አንቀጽ 92 እኮ የሕዝቡን አኗኗር የሚነካ የአካባቢ ፕሮጀክት ሲታቀድ ሕዝቡ የመመካከርና ሐሳቡን የመግለጽ መብት አለው ይላል። አሜሪካኖቹ ኮሚቴውን ይዘው ገጠር ወርደው ምስክር ይሰማሉ አይደል?

ጎንደሬ ከቨርጂኒያ፦
አዎ ያደርጋሉ። የታችኛው ምክር ቤት የተፈጥሮ ሀብት ኮሚቴ ከዋሽንግተን ውጭ እየወጣ፣ ግጦሽም ደንም ውኃም የሚነካው ሕዝብ ባለበት ቦታ ምስክር ይሰማል። ከብት አርቢው፣ የፓርክ ኃላፊው፣ ተመራማሪው አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ፣ የሦስቱም ቃል እኩል ይመዘገባል። ፖለቲካ ውስጡ የለም አልልም፣ ምስክር የሚመርጠው በዋናነት ሊቀመንበሩ ስለሆነ የሚፈልገውን ሰው ይጠራል። ቢሆንም የአርቢው ቃል ከነስሙ መዝገብ ላይ ይቀራል።

ሰሊጥ ከመተማ፦
ከነስሙ ያልከው ላይ ቆምኩ። እኔ በ2013 የሱዳን ጦር ድንበሩ ላይ ወዳለው የአልፋሽጋ የእርሻ መሬት ሲገባ ሰሊጥና ማሽላዬን ጥዬ ከወጡት ነኝ። ከዛ በፊትም በ2000 ከሱዳን ጋር ስለ ድንበሩ ተስማሙ ሲባል እኛ መሬቱ ላይ የተቀመጥነው ሰዎች የሰማነው በወሬ ነው። ብዙ የምናገረው አለኝ፣ ድንበሩ እ.ኤ.አ. በ1902 በተፈረመ ውል ነው እየተባለ ይነገረናል፣ መሬት ላይ ግን ችካሉ የት እንደሆነ እንኳ የሚያሳየን የለም። ግን ዛሬ ባለንበት ሁኔታ ካሜራ ፊት ተናገር ብትለኝ አልናገርም ወንድሜ። ልጆች አሉኝ። አንዱ ወገን ለምን እንዲህ አልክ ይለኛል፣ ሌላው ለምን ከነሱ ጋር ተቀመጥክ ይለኛል። እኔ ዝግ በር ነው የምፈልገው።

አዘዞ፦
ይሄ ኮሜንት የሁላችንንም ክርክር ገልብጦታል። እስካሁን ዝግ በር ለመንግሥት ምስጢር ነው እያልን ነበር የምንከራከረው።

የማራኪዋ ሕግ፦
በጣም ልክ ነህ የመተማው ወንድሜ። በሴኔቱም ደንብ ስብሰባ ከሚዘጋባቸው ምክንያቶች ውስጥ የአገር ደኅንነት ብቻ አይደለም ያለው፣ የጠቋሚን ማንነት መሸሸግና የሰውን የግል ጉዳይ መጠበቅም አለ። እኛ ጋ የተገለበጠው ይሄ ነው፣ ባለሥልጣኑ በዝግ ይናገራል፣ ገበሬውን ግን ካሜራ ደቅነን አስተያየት እናስሰጠዋለን። መሆን ያለበት የሥልጣን ሰው በክፍት፣ ሥጋት ያለበት ነዋሪ ከፈለገ በዝግ፣ ስሙ ሳይወጣ ቃሉ ብቻ ተመዝግቦ።

የፒያሳ ልጅ፦
በዚህ አቋሜን አሰፋዋለሁ፣ ለባለሥልጣን በሩ ይከፈት፣ ለምስክር በምርጫው። አሁን ወደ ሥራ እንግባ፣ ከዚህ ግሩፕ ለምክር ቤቱ ደብዳቤ እንጻፍ። ጥያቄያችን ኮሚቴው ደባርቅ መጥቶ ስለ ስሜን ከግጭ የተነሱትንም የፓርኩን ጠባቂዎችም እንዲሰማ፣ ሁለተኛው መተማ ላይ ስለ ድንበሩ እንዲሰማ።

ሻለቃ ጡረተኛው፦
የስሜኑን ዛሬ እፈርማለሁ። የመተማውን አውጡት። ድንበሩ ገና እልባት አላገኘም፣ ሁለቱ አገሮች ሲደራደሩ ሱዳኖቹ የኛን ገበሬ ቃል እያነበቡ ጠረጴዛ ላይ ይመጡብናል። «እዚህ ድረስ ነው የማርሰው» ያለው ሰው ቃል ነገ ካርታ ይሆናል።

የደባርቅ ልጅ፦
ሻለቃ ይቅርታ ያርጉልኝና ይሄ አልተዋጠልኝም። በ2005 ሰኔ ፓርላማው የናይል ተፋሰስ ስምምነቱን በአደባባይ ሲያጸድቅ ግብፅ እየሰማች ነበር፣ አቋማችን ጠነከረ እንጂ አልላላም።

ሻለቃ ጡረተኛው፦
ያ ማጽደቅ ነው ልጄ፣ ሁሉም አንድ ድምፅ ነበር። ምስክር መስማት ሌላ ነው፣ ሰው የተለያየ ነገር ይናገራል፣ ተቃራኒህ የሚጠቅመውን መርጦ ይወስዳል።

ሰሊጥ ከመተማ፦
ሻለቃ አከብርዎታለሁ፣ አገር ጠብቀዋል። ግን ሱዳኖቹ እኔ የት ድረስ እንደማርስ ያውቃሉ፣ ከዛ ያስወጡኝ እነሱ ናቸው። የማያውቀው ስለኔ የሚደራደረው የራሴ ሰው ነው። በዝግ ይሁን፣ ቃሌ ለተደራዳሪው ይድረስ፣ እንጂ መተማ ከደብዳቤው ይውጣ ካላችሁ እኔ አልፈርምም።

የፒያሳ ልጅ፦
እንግዲያው ሁለት ደብዳቤ ይሁን፣ የስሜኑ ለብቻው ይሂድ። የመተማው «በዝግ ይሰማልን» ተብሎ ይጻፍና ሻለቃ ረቂቁን አይተው የሚያሰጋ ያሉትን መስመር ያመልክቱን። የማራኪዋ፣ አንቀጾቹን አንቺ አስገቢ። እስከ እሁድ ማታ እዚሁ ለጥፉት።

ሻለቃ ጡረተኛው፦
አየዋለሁ። እፈርማለሁ ግን አላልኩም።