የቱን ላስቀድም፦ ዕዳውን፣ የልጄን ትምህርት ወይስ ጡረታዬን?

ግራ_ገባኝ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዕድሜዬ 34 ነው፤ ባለትዳር ነኝ፤ የ3 ዓመት ልጅ አለችን። ሁለታችንም ደሞዝተኞች ነን፤ በየወሩ ትንሽም ብትሆን የምትተርፍ ገንዘብ አለች። ጭቅጭቃችን እሷን የት እናድርጋት የሚለው ላይ ነው። ባለቤቴ ከአሁኑ ለልጃችን ትምህርት እናጠራቅም ይላል። እኔን ደግሞ እንቅልፍ የሚነሳኝ ጡረታዬ ነው። በዚያ ላይ በዓመት 18 በመቶ ወለድ የሚታሰብበት ብድር አለብን፣ ባንክ ያለችን ተቀማጭ የአንድ ወር ወጪያችንን እንኳ አትሸፍንም፣ ወላጆቼም እያረጁ ስለሆነ ነገ ከነገ ወዲያ የኔን እጅ ማየታቸው አይቀርም። የማነበው ሁሉ «በ20ዎቹ ይህን አድርግ፣ በ30ዎቹ ያንን አድርግ» ነው። እኔ ሥራ የጀመርኩት ዘግይቼ ስለሆነ ከሰንጠረዡ ጋር አልገጥምም። ከየት ልጀምር?

ሒሳብ_ይናገር፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ያንን ሰንጠረዥ ተዪው። ዋናው ነገር ዕድሜሽ አይደለም። ባንቺ ገቢ የሚኖረው ማን ነው? ሠርተሽ ገንዘብ የምታገኚባቸው ስንት ዓመታት ቀርተውሻል? ሁለቱን ከመለስሽ የት ደረጃ ላይ እንዳለሽ ታውቂያለሽ። ታናናሾቹን የሚያሳድግ የ25 ዓመት ወጣት ልጅ ከሌለው የ45 ዓመት ሰው የበለጠ ሸክም ሊኖርበት ይችላል።

ቅደም ተከተሉን እንዲህ አደርገው ነበር። መጀመሪያ ተቀማጫችሁን የአንድ ወር ወጪ እስኪሆን ሙሉት። እሱ ከሌለ አንድ ነገር በተበላሸ ቁጥር ተመልሳችሁ ብድር ውስጥ ናችሁ። ቀጥሎ የሚተርፈውን በሙሉ 18 በመቶው ብድር ላይ አዝምቱት። ይህን ብድር መክፈል ማለት ያለምንም ስጋት 18 በመቶ ማትረፍ ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ትርፍ ቃል የሚገባልሽ ሌላ ሰው ካለ ሽሺው። 18 በመቶ እየከፈሉ 5 በመቶ በሚወልድ ሒሳብ መቆጠብ በሽንቁር ማድጋ ውሃ እንደመሙላት ነው። ዕዳው ሲያልቅ መጠባበቂያውን ከ3 እስከ 6 ወር ወጪ አድርሱት። የምትሠሩት የተለያየ ቦታ ከሆነ 3 ይበቃል፤ ሁለታችሁም አንድ መሥሪያ ቤት ከሆናችሁ ግን ሲዘጋ አብራችሁ ነው ቤት የምትቀሩት፣ 6 ይሁን።

ስለ ጡረታው ቁጥሩ ይናገር። በወር 100 ብታስቀምጪ፣ በዓመት 6 በመቶ ቢያስገኝና ወለዱ በየወሩ ቢደመር፣ በ30 ዓመት 100,000 ገደማ ይሆናል። ከኪስሽ የወጣው 36,000 ብቻ ነው። 10 ዓመት ዘግይተሽ በ44 ብትጀምሪ ግን 46,000 ላይ ይቆማል። ወለድ የሚወልደው ወለድ የሚያብጠው በመጨረሻዎቹ ዓመታት ነው፤ ስትዘገዪ የምታጪው እነሱን ነው። ስለዚህ ከዕዳው በኋላ ጡረታ ይቅደም። ልጅሽ ለትምህርቷ መበደር ትችላለች፤ አንቺን በ70 ዓመትሽ ለኑሮ የሚያበድርሽ የለም።

የሁለት_ልጆች_አባት፦
እስከ ዕዳው ድረስ እስማማለሁ። «ልጅሽ ትበደራለች» የሚለው ላይ ግን አልስማማም። የተማሪ ብድር ያለበት አገር አለ፣ የሌለበትም አገር አለ። ባለበትም ቢሆን ሕይወቷን በዕዳ እንድትጀምር መፍረድ ቀላል አይደለም። ደግሞስ ለምን አንዱን መምረጥ ያስፈልጋል? የልጅቷ ዩኒቨርሲቲ 15 ዓመት ይቀረዋል፣ ጡረታሽ 30። ሩቁ ገንዘብ ብዙውን አክሲዮን ውስጥ ቢሆን ቢወርድም ለማገገም ጊዜ አለው። የትምህርቱን ግን ጊዜው ሲቃረብ ቀስ በቀስ ወደ ቦንድና ወደ ተቀማጭ ማዞር ነው፤ መመዝገቢያዋ ሲደርስ ገበያው ቢወድቅ ትምህርት ቤቱ አይጠብቃትም።

የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ኢንሹራንስ የሚለውን ቃል እስካሁን ማንም አላነሳውም! ከሁለት አንዳችሁ ነገ ብትሞቱስ? ወይም ብትታመሙ? በሥራ ዕድሜ ላይ ያለ ሰው ከሞት ይልቅ በሕመም ወይም በአደጋ ለረጅም ጊዜ ከሥራ መውጣት ነው ይበልጥ የሚያጋጥመው፣ ሰው የሚያስበው ግን የሞቱን ብቻ ነው። ልጅቷ ራሷን እስክትችል ድረስ፣ በሉ ለ20 ዓመት፣ የሕይወት ኢንሹራንስ ግቡ። ለተወሰነ ዓመት ብቻ የሚገባው ዓይነት ርካሽ ነው። ሻጩ «ቁጠባም አለበት» እያለ የሚያመጣላችሁን ውድ ውል ግን ወጪውንና ኮሚሽኑን ሳታዩ እንዳትፈርሙ። ኢንሹራንስ ለብቻ፣ ቁጠባ ለብቻ።

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ እኔ ከወዲያኛው ጫፍ ሆኜ ልንገርሽ። ዋጋ በዓመት በ6 በመቶ የሚወደድ ከሆነ በስንት ዓመት እጥፍ እንደሚሆን በግምት ለማወቅ 72ን ለ6 አካፍይው፣ 12 ይመጣል። ዝም ብሎ የተቀመጠ ገንዘብ በ12 ዓመት የመግዛት አቅሙ በግማሽ ይወርዳል ማለት ነው። ስለዚህ ሁሉንም በጥሬው አታስቀምጪ።

ስንት ይበቃል ለሚለው፣ አሜሪካዊው የፋይናንስ አማካሪ ዊሊያም ቤንገን እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው ስሌት አለ። በመጀመሪያው ዓመት ካጠራቀምሽው 4 በመቶ ታወጫለሽ፣ ከዚያ በየዓመቱ በዋጋ ንረቱ ልክ ትጨምሪበታለሽ፤ እንዲህ ከሆነ ገንዘቡ 30 ዓመት ይዘልቃል የሚል ነው። ሲገለበጥ የዓመት ወጪሽን 25 እጥፍ ያህል መያዝ ማለት ነው። ያሰላው ግን በአሜሪካ ገበያ ታሪክ ነው። ሌላ ቦታ እንደ መነሻ ያዢው እንጂ እንደ ሕግ አትቁጠሪው። አደገኞቹ ከጡረታ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ጥቂት ዓመታት ናቸው። በግማሽ የወደቀ ነገር ወደነበረበት ለመመለስ 100 በመቶ ማደግ አለበት፣ አንቺ ደግሞ በወደቀበት ሰዓት እየሸጥሽ ትበያለሽ። ለዚህ ነው ጡረታው ሲቃረብ የተወሰነውን ከአክሲዮን የምናወጣው።

ስለ ወላጆችሽ ደግሞ ቁጭ ብለሽ ጠይቂያቸው። ምን አላቸው፣ ምን ዕዳ አለባቸው፣ ሰነዶቹ የት ናቸው? ጥያቄው ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። ሆስፒታል ከገቡ በኋላ መጠየቅ ግን ይብሳል። የራስሽንም እዪ። ከጋብቻሽ በፊት የሞላሽው የጡረታና የኢንሹራንስ ቅጽ ላይ ተጠቃሚ ተብሎ የተጻፈው አሁንም የሌላ ሰው ስም ሊሆን ይችላል።

ግራ_ገባኝ፦
እግዜር ይስጥልኝ አባቴ፣ ቅጹን ነገውኑ አየዋለሁ። ሌሎቻችሁንም አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ግን አሁንም «ለልጅቷ ትንሽም ብትሆን አሁኑኑ» እያለ ነው። ምን ልበለው?

ሒሳብ_ይናገር፦
እሺ በዪው። ትንሽ ነገር በስሟ ማስቀመጥ ዕዳውን በጥቂት ወር ቢያዘገየው ነው፣ በየወሩ ከምትጨቃጨቁ ይሻላል። አንድ ነገር ግን አስምይው፦ ዕዳው ያለቀ ዕለት ለብድሩ ትከፍሉት የነበረው ገንዘብ በዚያው ቀን ወደ መጠባበቂያው፣ እሱ ሲሞላ ወደ ጡረታውና ወደ ትምህርቱ ይዙር። ባንኩ በራሱ እንዲቆርጠው አድርጉ። እጃችሁ ከገባ የት እንደደረሰ አታውቁትም። ለመሆኑ ብድሩን ቀድሞ መክፈል ቅጣት አለው? ውሉን አይተሽዋል?

ግራ_ገባኝ፦
አሁን አወጣሁት። ቅጣት የለውም፣ ግን ተጨማሪ ስከፍል «ከዋናው ብድር ይቀነስልኝ» ብዬ በጽሑፍ ካላመለከትኩ ለቀጣዩ ወር ክፍያ ነው የሚይዙት ይላል።

የሁለት_ልጆች_አባት፦
እንግዲያው በከፈልሽ ቁጥር ማመልከቻ አስገቢ፣ ቅጂውንም ያዢ።