የሚንግ ዘመን ነው የተባለ ሳህን፦ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ልመነው?

ጥያቄ፦ በምኖርበት ሜሪላንድ፣ ከአንድ አሮጌ ዕቃ መሸጫ፣ በነጭ ላይ በሰማያዊ ሐረግ ያጌጠ የቻይና ፖርሲሊን ጎድጓዳ ሳህን በ40 ዶላር ገዛሁ። ቻይንኛ የሚያነብ የሥራ ባልደረባዬ ከሥሩ ያሉት ስድስት ፊደላት «በታላቁ ሚንግ፣ በሹዋንደ ዘመን የተሠራ» እንደሚሉ ነግሮኛል፤ ይህም በቻይናው የሚንግ ሥርወ መንግሥት የሹዋንደ ንጉሠ ነገሥት የነገሠበት፣ ከ1426 እስከ 1435 እ.ኤ.አ. ማለት ነው። ለገምጋሚ ከማሳየቴ በፊት ራሴ ምን ልመርምር? እግሩ ላይ ያለውን ቡናማ ቆሻሻስ ልጠበው?

መልስ፦ እባክዎ አይጠቡት። የሳህኑ እግር የሚያብረቀርቀው ልባስ ያልነካው ባዶ ጭቃ ስለሆነ፣ በጭቃው ውስጥ ያለው ብረት በእቶኑ ሙቀት ዝገት መሳይ ቀለም ሊያወጣበት ይችላል። አስመሳዮችም ይህን ስለሚያውቁ ቡናማ ቀለም ይቀቡታልና፣ የትኛው እንደሆነ ገምጋሚው ሳይነካ ይየው።

መልስ፦ ጽሑፉ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። የሹዋንደ ሰማያዊና ነጭ ሥራ እጅግ የተከበረ በመሆኑ፣ በፖርሲሊን የታወቀችው የቻይና ከተማ የጂንግደጀን ሸክላ ሠሪዎች ስሙን በኋለኞቹ ዘመናትም፣ ሚንግ በ1644 ከወደቀ በኋላም ጽፈውታል፤ ይህን ያደረጉት ሁሉም ለማታለል ሳይሆን አንዳንዶቹ ለቀደሙት ካላቸው አክብሮት ነው። እኔ ብሆን ፊደሉን ትቼ ሰማያዊውን አያለሁ። በዚያ ዘመን የነበረው ኮባልት (ሰማያዊውን ቀለም የሚሰጠው ማዕድን) ብረት ስለሚበዛበት፣ ቀለሙ በወፈረበት ቦታ ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች ያለ ሥርዓት ይፈጠራሉ፤ ሳህኑን ወደ ብርሃን ዘንበል ሲያደርጉትም ነጠብጣቦቹ ወደ ልባሱ ሰርጎድ ብለው ይታያሉ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ ሠዓሊዎች ግን ይህን ለመኮረጅ ጥቁሩን ነጥብ ሆን ብለው በብሩሽ ያኖሩት ነበር።

መልስ፦ በጥፍርዎም ይዳስሱት። ሰማያዊው የሚሣለው ባልተተኮሰ ጭቃ ላይ ሆኖ፣ ልባሱ ከላይ ከተደረበ በኋላ 1,300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት አብሮ ስለሚተኮስ፣ ሥዕሉ ለጥፍር አይሰማም።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጥፍሬ ምንም አልያዘም፤ በአጉሊ መነጽር ሳየው ግን ጥቁሮቹ ነጥቦች በየቅጠሉ ጠርዝ ላይ በእኩል ርቀት ተደርድረዋል።

መልስ፦ እንግዲያው ሹዋንደ የመሆኑ ነገር ያጠራጥራል። ሆኖም የ18ኛው ክፍለ ዘመን ቅጂም ቢሆን ከ40 ዶላርዎ እጅግ ይበልጣልና፣ ገምጋሚው ዘንድ ይውሰዱት፤ እስከዚያው የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ እንዳያስገቡት።