ኤልግሁንድ ቤት ውስጥ ያሳደገ ሰው አለ?

የሁለት ልጆች እናት፦
ጤና ይስጥልኝ። ኖርዌይ ነው የምኖረው። ጎረቤታችን ኤልግሁንድ የሚባል ግራጫ ውሻ አለው፤ ጆሮው ቀጥ ያለ፣ ጅራቱ ጀርባው ላይ የተጠቀለለ። ልጆቼ ካላሳደግን ብለው ነዘነዙኝ። እኔም ወድጄዋለሁ፣ ግን የአደን ውሻ ነው፣ እኛ ደግሞ አናድንም። ጩኸቱም ያስፈራኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የጫካው ሰው፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ለምን እንደሚጮህ እወቂ። በኖርዌይኛ ኤልግ ማለት ሙስ፣ ያ ትልቁ የአጋዘን ዓይነት ነው፣ ሁንድ ደግሞ ውሻ። ሙስ ከ400 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ወንዱ ኤልግሁንድ 23 ኪሎ ገደማ ነው፣ ትከሻው ድረስ 52 ሳንቲ ሜትር። በጉልበት አይችለውም። ስለዚህ ዙሪያውን እየዞረ ይጮህበታል፣ ሙሱ ሲመጣበት ዘሎ ያመልጣል፣ ተመልሶ ይጮሃል፣ ሙሱ ውሻው ላይ አፍጥጦ ሲቆም አዳኙ ድምፁን ተከትሎ ቀስ ብሎ ይደርሳል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ከጌታው ርቆ፣ ማንም ሳያዘው ነው።

አደኑ መስከረም አጋማሽ ላይ፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 25 ይጀምራል። አንዴ ከጓደኛዬ ጋር ወጥቼ ነበር። ውሻው ከሩቅ ሲጮህ ጓደኛዬ ኮፍያውን አውልቆ አዳመጠና "ቆሟል" አለኝ። ለእኔ ጩኸቱ ሁሉ አንድ ነበር። እሱ ግን ከጩኸቱ ምት ብቻ ሙሱ መቆሙን አወቀ። እስካሁን ይገርመኛል።

ሰባት ዓመት ያሳደግኩ፦
እኔም አላድንም፣ ግን በጣም የምወደው ውሻ ነው። ከልጆች ጋር ጥሩ ነው። ችግሩ ሌላ ነው። ሽታ ከያዘ ስሙን ስትጠሪው ዞር ብሎ ያይሻል፣ ከዚያ መንገዱን ይቀጥላል። እልኸኛ ስለሆነ እንዳይመስልሽ፣ ራሱ እንዲወስን ሆኖ የተራባ ውሻ ነው። ከኤፕሪል 1 እስከ ኦገስት 20 በሕጉ ውሻ ሁሉ ይታሰራል፤ እኔ ግን ጫካ አጠገብ ዓመቱን ሙሉ ረጅም ገመድ አልለቅም።

ፀጉሩ ድርብ ነው። በሚያረግፍበት ወቅት ከሥር ያለው ነጣ ያለ ፀጉር እንደ ጥጥ እየተነቀለ ሶፋውን፣ ካልሲውን፣ ሁሉን ይሞላዋል። በየቀኑ ማበጠር ነው። ምግብ ላይም ልብ በይ፣ የሰጠሽውን ሁሉ ይበላል፣ ቶሎም ይወፍራል። ጩኸቱን በተመለከተ፣ ከቡችላነቱ ዝም ማለትን ካላስተማርሽው በኋላ ይከብድሻል፤ ጨርሶ ዝም ይላል ብለሽ ግን አትጠብቂ።

ከስዊድን፦
ከእኛው የምትገዢ ከሆነ ከጄምትሁንድ፣ ከስዊድኑ የሙስ አደን ውሻ ጋር እንዳታምታቺው። እስከ 1946 እንደ አንድ ዘር ነበር የሚታዩት፤ ጄምትሁንድ ግን ይበልጣል፣ ወንዱ እስከ 65 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ለትንንሽ ልጆች ገመድ መያዝ ከባድ ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የገመዱን ነገር አላሰብኩትም ነበር። ጎረቤቴን ጠየቅኩት፣ ቅዳሜ ጫካ ሲሄድ አብረን እንድንወጣ ፈቀደልን። ገመዱን የምይዘው እኔ ነኝ።