ሁለት ውሾች ለሚውሉበት ግቢ የትኛው አርቴፊሻል ሳር ይሻላል?

ባለግቢው

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ነው፤ 7.8 በ5.8 ሜትር የሆነ የጓሮ ግቢ ላይ አርቴፊሻል ሳር ማንጠፍ እፈልጋለሁ። በርዝመቱ 3.8 ሜትሩ ሊሾ ሲሚንቶ ነው፣ ቀሪው 4 ሜትር ጥቁር አፈር። ሁለት ጀርመን ሼፐርዶች ይውሉበታል፣ ልጆችም ይጫወቱበታል። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ሮቶ አለን። ሻጮች ሁለት ዓይነት አሳይተውኛል፦ የክሩ ቁመት 50 ሚሊ የሆነ የኳስ ሜዳ ሳር ከጥቁር የጎማ ፍርፋሪ ጋር፣ እና ባለ 30 ሚሊ የጓሮ ሳር። ባለ 50ው ወፍራም ስለሆነ ዓይን ይስባል። የቱን ልውሰድ? አፈሩ ላይ በቀጥታ ቢነጠፍስ? ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ሽታው ነው።

ፎርማኑ

ባለ 30ውን ውሰድ። ለውሻ ከ25 እስከ 35 ሚሊ በቂ ነው። ረጅሙ ሳር ዓይነ ምድሩን ውስጡ ይደብቀዋል፣ ሲያነሱት ይለቀለቃል እንጂ አይነሳም። የጎማው ፍርፋሪ ደግሞ ፀሐይ ላይ ይግላል፣ ራሱም ይሸታል፣ ከውሾቹ እግር ጋር ቤት ይገባል።

ሳሩን ከላይ ብቻ አይተህ አትግዛ፣ ገልብጠው። ሽንት የሚያስቸግረው ጀርባው ላይ ነው። ርካሹ ጀርባው ላቴክስ ነው፤ እርጥበት ይጠጣል፣ ሽንቱንም አብሮ፣ በጊዜ ብዛት ይፈረፈራል። ፖሊዩሬታን የተቀባው ግን ውሃ አይጠጣም። በቀለም አይለዩም፣ ስለዚህ 30 በ30 ሴንቲ ናሙና ጠይቅና ሚዛን ላይ አስቀምጠው፤ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳድረህ፣ አራግፈህ፣ ላዩ እስኪደርቅ ጠብቀህ እንደገና መዝነው። ክብደቱ በግልጽ ከጨመረ ተወው። ቀጥሎ ጠጠር ላይ አንጥፈህ አንድ ሊትር ውሃ ድፋበት፤ በየ10 ሴንቲው ብቻ ቀዳዳ ያለው ከሆነ ውሃው በቀዳዳዎቹ መሃል ሲቆም ታየዋለህ። ጀርባው በሙሉ ውሃ የሚያሳልፍ ካገኘህ ዋጋው ቢጨምርም እሱን ያዝ። ክሩ ፖሊኢትሊን ይሁን፤ ፖሊፕሮፒሊን ቶሎ ይተኛል፣ የአዲስ አበባን ፀሐይም አይችልም።

አፈሩ ላይ በቀጥታ ፈጽሞ አይሆንም። ጥቁር አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ሳሩም አብሮት ይወዛወዛል። 30 ሴንቲ ቆፍረህ አውጣው። መጀመሪያ ጂኦቴክስታይል (አፈሩና ሙሌቱ እንዳይቀላቀሉ የሚለይ ጨርቅ)፣ ከዚያ 20 ሴንቲ ሰሌክት (ተመርጦ የሚሞላ ጠጠራማ አፈር) በሁለት ንብር እያጠጣህ በኮምፓክተር ጠቅጥቀው፣ ላዩን ወደ አንድ ወገን በሜትር 2 ሴንቲ አዘንብለው። ሰሌክቱ ብዙ ውሃ አያሳልፍም፣ ከሥሩ ያለው ጥቁር አፈር ደግሞ ጨርሶ። መውጫ ካልሰጠኸው ጉድጓዱ ገንዳ ሆኖ ሽንቱን ያቁራል። ዝቅ ባለው ጠርዝ ቀዳዳ ያለው ፒቪሲ ቱቦ ቅበርና ከውሃ መውረጃው ጋር አገናኘው። በላዩ 7 ሴንቲ 01 የሚባለው ጠጠር፣ ማለስለሻ 3 ሴንቲ ከእሱ የደቀቀው 00። ስፋቱ 23 ካሬ ስለሆነ ከ6 ሜትር ኩብ ያላነሰ ሰሌክትና 3 ሜትር ኩብ ጠጠር ይበቃሃል፤ ሲጠቀጠቅ እንደሚቀንስ አስቤ ነው። ጂኦቴክስታይሉን በሳሩና በጠጠሩ መሃል እንዳታስገባ! ብዙ ሠራተኛ አረም ይከላከላል ብሎ ያደርገዋል፤ ሽንቱን እንደ ስፖንጅ የሚይዘው እሱ ነው።

ባለግቢው

በጣም አመሰግናለሁ። ሊሾው ላይስ? መፍረስ አለበት? ሮሉ ደግሞ ባለ 4 እና ባለ 2 ሜትር ስፋት ነው፤ ሠራተኛው ሁለት ባለ 4 ሜትር ወስደን ሊሾውና አፈሩ በሚገናኙበት ላይ እንቀጥለው ይላል።

ፎርማኑ

እዚያ ላይማ አይሆንም። ሊሾው አይንቀሳቀስም፣ አፈሩ ምንም ብትሠራው ትንሽ ይንቀሳቀሳል፤ ቅጥሉ እዚያው ይከፈታል። ሮሎቹን በ7.8ቱ ርዝመት አስኪዳቸው፦ አንድ ባለ 4 ሜትር፣ አንድ ባለ 2 ሜትር፣ ሁለቱም 8 ሜትር ተቆርጠው። ቅጥሉ ድንበሩን አንድ ቦታ ላይ ብቻ ያቋርጣል፣ ለጠርዝ መከርከሚያም 20 ሴንቲ ይተርፍሃል። የሁለቱም ክር አንድ አቅጣጫ ይተኛ፤ ካልሆነ ቀለሙ የተለያየ ይመስላል። ከፋብሪካ የመጣውን ጠርዝ ከሁለቱም ወገን ቁረጥና ቅጥሉን በቴፕና በማጣበቂያ ያዘው።

ሊሾው አይፈርስም። ውሃ ድፋበት፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ ያቆረባቸውን ቦታዎች በሞርታር አስተካክል። ከዚያ ከሳሩ በታች ውሃ የሚያሳልፍ ጉብጉብ ያለው የፕላስቲክ ምንጣፍ አድርግ፣ አለዚያ ሽንቱ ሲሚንቶው ላይ ተኝቶ ይቀራል። ሳሩን ዙሪያውን ብቻ አጣብቅ፣ ዝቅ ያለውን ጠርዝ ግን ለውሃው ክፍት ተው።

አፈሩ በኩል ዙሪያውን የሲሚንቶ ከርብ (የጠርዝ ድንበር) አሠራ፤ ሼፐርድ የሚጀምረው ከማዕዘን ነው፣ አንዴ ጥርሱ ከያዘ ሜትር ሙሉ ይገነጥላል። 15 ሴንቲ ጋልቫናይዝድ ሚስማር በየ15 ሴንቲው፣ ክሩን በእጅ እየከፈልክ፣ ጭንቅላቱ ከክሩ ሥር እስኪገባ ምታ።

ቬት ነኝ

ስለ ሽታው ልጨምር። ሁለት 30 ኪሎ ገደማ ውሾች በቀን ከ1.2 እስከ 2.4 ሊትር ይሸናሉ። ሽንት ትኩስ ሳለ ብዙ አይሸትም፤ ባክቴሪያ ዩሪያውን ወደ አሞኒያ ሲለውጠው ነው ዓይን የሚያቃጥለው። ክረምት ዝናቡ ስለሚያጥበው ችግሩ የሚታየው ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከጥቅምት ወዲህ ነው። በክሮቹ መሃል የሚረጨው ዜዮላይት የሚባለው ማዕድን ቢሆን ይመረጣል፣ አሞኒየሙን ይይዛል፤ በካሬ 6 ኪሎ ቢባል ለ45 ካሬ 270 ኪሎ። ካጣችሁ በደንብ የታጠበ ሲሊካ አሸዋ፤ ሽታ ባይዝም ክሩን ያቆመዋል። ያልታጠበ የወንዝ አሸዋ ዱቄቱ ቀዳዳውን ይደፍናል። ድመት የምትጸዳዳበትን የድመት አሸዋ አምጥቶ የሚያፈስም አለ፤ አብዛኛው ቤንቶናይት የሚባል ሸክላ ነው፣ ውሃ ሲነካው አብጦ ጭቃ ይሆናል።

በረኪና ፈጽሞ አይደፋ። ከሽንት ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል፣ ከአቼቶ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ ክሎሪን። ኢንዛይም ያለው ማጽጃ ይሻላል፤ አፍስሶ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ እንዲቆይ ማድረግ ነው፣ ወዲያው ካጠቡት ሥራ አይሠራም።

ልጆች ስላሉ ዓይነ ምድሩ በየቀኑ ይነሳ። የአንዳንድ ትል እንቁላል ለመብሰል ሳምንታት ይፈልጋል፤ የበዓል በግ ሲታረድ ጥሬ ሳንባና ጉበት ከሚሰጣቸው ውሾች የሚመጣው የኮሶ ትል ዘመድ ግን ወዲያው ነው የሚይዘው። ጥሬውን መስጠት ይቅር፣ የውሾቹ የትል መድኃኒትም ፕራዚኳንቴል ያለበት ይሁን።

ሮቶ ላይ የቆመ

ሁሉንም አታንጥፍ። 45 ካሬን በካሬ 3 ሊትር ብቻ ብታጥብ 135 ሊትር ነው፤ በፈረቃ ውሃ በሳምንት ሁለቴ ማን ይችለዋል? ከቱቦው በኩል 2 በ2 ሜትር ተውና 15 ሴንቲ ድቡልቡል ጠጠር ሙላበት፣ መሃሉ ላይ አንድ እንጨት ትከል። ወንድ ውሻ እንጨት ካየ አያልፍም። በማሰሪያ እያመጣችሁ እዚያ ሲሸኑ ከሸለማችኋቸው ይለምዳሉ። ከዚያ በየቀኑ የምታጥቡት 4 ካሬ ብቻ ይሆናል፣ የልብስ እጥበት የመጨረሻ ውሃም ይበቃዋል፣ በረኪና ካልገባበት።

ደግሞ ጥላ አስብ። በበጋ ከ6 እስከ 9 ሰዓት ፕላስቲክ ሳር የውሻ መዳፍ የሚያቃጥል ይሆናል። የእጅህን ጀርባ 7 ሰከንድ ማሳረፍ ካልቻልክ እነሱም አይችሉም። ውሃ ብትረጭበት ይበርዳል፣ ግን ብዙም ሳይቆይ ይመለሳል። ሊሾው በኩል ሼድ ኔት (የጥላ መረብ) ወጥር።

ባለግቢው

ማዕዘኑን ለጠጠር እተወዋለሁ፣ የኳስ ሜዳው ሳርም ቀርቷል። ነገ ናሙናውን ውሃ ውስጥ አሳድረዋለሁ። ጉብጉብ ያለው ምንጣፍ ስንት ሚሊ ይሁን?

ፎርማኑ

8 ወይም 10። ጉብታው ወደ ታች፣ ቀዳዳ ያለው ይሁን።